የቀጣናዊ ነጻ ንግድ ስምምነቶች የዘላቂነት ተጽዕኖ ግምገማ

የቀጣናዊ ነጻ ንግድ ስምምነቶች የዘላቂነት ተጽዕኖ ግምገማ፣ ሀገራት በመካከላቸው ያለውን ቀረጥና ሌላ የንግድ መሰናክል ለማንሳት ሲስማሙ ስምምነቱ በኢኮኖሚ፣ በኅብረተሰብና በተፈጥሮ አካባቢ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚመረምር ጥናት ነው። ጥናቱ ከድርድር በፊት፣ በድርድር ወቅት ወይም ስምምነቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሊካሄድ ይችላል። ዋና ዓላማው ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱ በምን እንደሚቀንስና ጥቅሙ በምን እንደሚሰፋ ማሳየት ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና አባል ከሆነች ወዲህ ጉዳዩ ለሀገሪቱ የቅርብ ጥያቄ ሆኗል። ስምምነቱ በሰነድ ላይ የታሪፍ ቁጥር ነው። ውጤቱ የሚታየው ግን በፋብሪካ፣ በእርሻ፣ በድንበር ከተማና በገበያ ነው። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ፣ ከነሰባተኛ፣ ሸራ ተራና ምናለሽ ተራ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃና የሀገር ውስጥ ምርት ጎን ለጎን የሚሸጡበት ቦታ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው።

ታሪክ

የንግድ ስምምነቶችን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር አያይዞ መመርመር በስፋት የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ ነጻ የንግድ ስምምነት በሚደራደሩበት ጊዜ ነው። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ የፈረሙት ይህ ስምምነት በጥር 1994 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ከጎኑ የአካባቢ ትብብር ስምምነትና እርሱን የሚያስፈጽም ኮሚሽን ተቋቁሟል። ኮሚሽኑ በ1999 እ.ኤ.አ. የንግዱን የአካባቢ ተጽዕኖ የሚመዝን የትንተና ማዕቀፍ አወጣ።

በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት በሲያትል ሊጀመር ታስቦ ለነበረው የዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር «የዘላቂነት ተጽዕኖ ግምገማ» የሚባለውን ዘዴ አሠራ። ዘዴውን የቀረጹት በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። አሜሪካም በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የንግድ ስምምነቶች የአካባቢ ግምገማ እንዲደረግላቸው ደንግጋለች፤ ካናዳ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. የራሷን ማዕቀፍ አወጣች።

ከዚያ በኋላ የሰብአዊ መብት ጉዳይ ተጨመረ። በ2011 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ራፖርተር ኦሊቪየር ደ ሹተር የንግድና የኢንቨስትመንት ስምምነቶችን ከሰብአዊ መብት አንጻር ለመገምገም የሚረዱ መመሪያ መርሆች አቀረቡ። በአፍሪካ ዋነኛው ተመሳሳይ ሥራ፣ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከፍሪድሪክ ኤበርት ሽቲፍቱንግ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ አህጉራዊው ስምምነት ከመፈረሙ በፊት በሴቶች፣ በኢመደበኛ ነጋዴዎችና በአነስተኛ ገበሬዎች ላይ የሚያመጣውን ተጽዕኖ መርምሯል።

የግምገማው ደረጃዎች

ምንም እንኳ ዘዴዎቹ ከተቋም ተቋም ቢለያዩም፣ አብዛኞቹ የሚከተሉት አምስት ደረጃዎች አሏቸው።

፩. ልየታ፦ ከስምምነቱ አንቀጾች ውስጥ ጉልህ ተጽዕኖ ሊያመጡ የሚችሉት የትኞቹ እንደሆኑ ይለያል። ለምሳሌ የጫማ ቀረጥ መነሳት ይመረመራል፤ በሀገሪቱ የማይመረትና ጥቂት ብቻ የሚገባ ዕቃ ቀረጥ መነሳት ግን ሊታለፍ ይችላል።

፪. ወሰን መወሰን፦ የትኛው ዘርፍ፣ የትኛው አካባቢ፣ የትኛው የኅብረተሰብ ክፍልና ስንት ዓመት እንደሚጠና ይወሰናል።

፫. ትንተና፦ በቁጥር ሞዴል፣ በቃለ መጠይቅ፣ በመስክ ጥናትና በምክንያትና ውጤት ሰንሰለት ተጽዕኖው ይገመታል።

፬. የማካካሻና የማጎልበቻ እርምጃ፦ ጉዳትን የሚቀንሱና ጥቅምን የሚያሰፉ እርምጃዎች ይቀርባሉ።

፭. ክትትል፦ ስምምነቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ትንበያው ከእውነታው ጋር ይነጻጸራል።

የማንቸስተሩ ዘዴ ዘጠኝ መሠረታዊ መለኪያዎች አሉት። በኢኮኖሚ እውነተኛ ገቢ፣ ቋሚ ካፒታልና ሥራ፤ በኅብረተሰብ ድህነት፣ ጤናና ትምህርት፣ ፍትሐዊነት፤ በአካባቢ ደግሞ ብዝኃ ሕይወት፣ የአካባቢ ጥራትና የተፈጥሮ ሀብት ክምችት ናቸው። መለኪያዎቹ በሦስት መደብ እኩል መከፈላቸው፣ የሀገር ገቢ ማደጉ ብቻውን «ተጽዕኖው መልካም ነው» ለማለት እንዳያበቃ ለማድረግ ነው።

የቁጥር ትንተና

በግምገማ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የሒሳብ መሣሪያ ጠቅላላ የሚዛን ሞዴል ነው። ይህ ሞዴል የአንድን ሀገር ኢኮኖሚ እርስ በርሳቸው በተያያዙ እኩልታዎች ይወክላል፦ የቆዳ ዋጋ ሲለወጥ የጫማ ዋጋ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤተሰብ ገቢና የመንግሥት ግብር አብረው ይለወጣሉ። ለሞዴሎቹ በስፋት የሚያገለግለው የመረጃ ቋት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው «ጂታፕ» ነው። አንድን ዕቃ ብቻ ነጥሎ ለመመርመር ደግሞ ከፊል የሚዛን ሞዴል ይበቃል።

የቀረጥ መነሳት ቀላል ስሌት

ቀረጥ ሲነሳ የሚለወጠው ቀረጡ ብቻ እንዳልሆነ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። በኢትዮጵያ ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ መጣኔ 35 በመቶ ነው። ጉምሩክ ሲደርስ ዋጋው 1000 ብር የሆነና 35 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ አለ እንበል። ቀረጡ 350 ብር ይሆናል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1350 ብር ላይ ስለሚሰላ 202.50 ብር ነው። 10 በመቶው ሱር ታክስ እስካሁን ባለው ድምር በ1552.50 ብር ላይ ሲሰላ 155.25 ብር ይሆናል። ሌሎች ክፍያዎች ሳይታሰቡ ዕቃው ከጉምሩክ የሚወጣው በ1707.75 ብር ነው።

ቀረጡ ወደ ዜሮ ሲወርድ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 150 ብር፣ ሱር ታክሱ 115 ብር ሆኖ ዕቃው በ1265 ብር ይወጣል። ልዩነቱ 442.75 ብር ነው። ስለዚህ መንግሥት የሚያጣው 350 ብር ብቻ አይደለም፤ በቀረጡ ላይ ተደርበው ይሰሉ የነበሩት ታክሶችም አብረው ይቀንሳሉ። የገዢው ዋጋ እስከ 26 በመቶ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን አስመጪውና ጅምላ አከፋፋዩ ቅናሹን ለራሳቸው ትርፍ ካላስቀሩት ነው። ያንኑ ዕቃ በሀገር ውስጥ የሚያመርተው ሰው በበኩሉ፣ ቀረጡ የሰጠው የዋጋ ከለላ በአንድ ጊዜ ይቀርበታል።

የንግድ መፈጠርና የንግድ መዞር

የኢኮኖሚ ሊቅ ጄከብ ቫይነር በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቀጣናዊ ስምምነቶች ሁለት ተቃራኒ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። የመጀመሪያው የንግድ መፈጠር ነው፤ በውድ የሚመረት የሀገር ውስጥ ዕቃ ከአባል ሀገር በሚመጣ ርካሽ ዕቃ ይተካል። ሁለተኛው የንግድ መዞር ነው፤ ከአባል ውጭ ካለ ሀገር በርካሽ ይመጣ የነበረ ዕቃ፣ ቀረጥ ስለማይከፍል ብቻ፣ በውድ በሚያመርት አባል ሀገር ዕቃ ይተካል።

ለምሳሌ ከቻይና 1000 ብር የሚያወጣ ጫማ 35 በመቶ ቀረጥ ተከፍሎበት 1350 ብር ይደርሳል። ከአንድ የአፍሪካ ሀገር 1200 ብር የሚያወጣ ጫማ ያለ ቀረጥ ሲገባ 1200 ብር ላይ ይቆያል። አስመጪው የአፍሪካውን ይመርጣል። ገዢው በርካሽ ያገኛል፤ ሀገሪቱ ግን ለያንዳንዱ ጫማ 200 ብር የሚያህል ተጨማሪ የውጭ ምንዛሪ ታወጣለች፤ መንግሥትም 350 ብር ቀረጥ ያጣል። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ አብዛኛው ከአፍሪካ ውጭ፣ በተለይም ከቻይና የሚመጣ በመሆኑ፣ የንግድ መዞር በግምገማው ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ሦስት መንገዶች

ጂን ግሮስማንና አለን ክሩገር በ1991 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካው ስምምነት ላይ ባደረጉት ጥናት የንግድን የአካባቢ ተጽዕኖ በሦስት ከፍለውታል። የመጠን ውጤት የሚባለው ምርት ሲጨምር ብክለትም መጨመሩ ነው። የስብጥር ውጤት ሀገሪቱ የምታመርተው ዓይነት ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ከጨርቃ ጨርቅ ወደ ቆዳ ስትዞር፣ የብክለቱ ዓይነትም መለወጡ ነው። የቴክኒክ ውጤት ደግሞ ገቢ ሲያድግና አዲስ መሣሪያ ሲገባ ያንኑ ምርት በንጹሕ መንገድ ማምረት መቻሉ ነው። ሦስቱ ተደምረው የመጨረሻውን ውጤት ይሰጣሉ፤ ድምሩ ከሀገር ሀገር ይለያያል።

ኢትዮጵያና ቀጣናዊ ስምምነቶች

ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) በ1994 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናት። ሆኖም በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጣና ውስጥ አልገባችም፤ ለአባል ሀገራት ዕቃ የፈቀደችው የ10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ነው። ለዚህ ጥንቃቄ ከሚቀርቡት ምክንያቶች መካከል የመንግሥት ገቢና ገና ያልጠነከረው የሀገር ውስጥ ኢንዱስትሪ ይገኙበታል። የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀል ያመለከተችውም በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን ድርድሩ ለረጅም ዓመታት ተጓትቷል።

አህጉራዊው ስምምነት ይህን አካሄድ ቀይሮታል። ኢትዮጵያ በኪጋሊ መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. (21 ማርች 2018 እ.ኤ.አ.) ከፈረሙት 44 ሀገራት አንዷ ነበረች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቱን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አጸደቀ። ስምምነቱ ግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕግ ጸና፤ ንግዱ እንዲጀመር የተወሰነው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. (1 ጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። የስምምነቱ ጽሕፈት ቤት በጋና ዋና ከተማ አክራ ይገኛል። ኢትዮጵያ በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹን ጭነቶች ወደ ኬንያ፣ ሶማሊያና ደቡብ አፍሪካ የላከችው በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

በስምምነቱ መሠረት 90 በመቶው የታሪፍ መስመር ነጻ ይሆናል፤ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ ሀገራት ይህ በ10 ዓመት፣ ለሌሎቹ በ5 ዓመት የሚፈጸም ነው። 7 በመቶው «ስሱ» ተብሎ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለዝቅተኛ ዕድገት ሀገራት 13 ዓመት፣ ለሌሎቹ 10 ዓመት ነው። 3 በመቶው ከነጻ ንግዱ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከሌሎች አባል ሀገራት ከሚገባው ዕቃ ዋጋ 10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ኢትዮጵያ ከማዳጋስካር፣ ማላዊ፣ ሱዳን፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ ጋር ሆና ከዚህም የረዘመ ጊዜ ጠይቃ ነበር።

የተጽዕኖ ግምገማ በተግባር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ዕቃ በ90 በመቶው፣ የትኛው በ7 በመቶው፣ የትኛው በ3 በመቶው ዝርዝር ውስጥ ይግባ የሚለው ውሳኔ፣ ለአንድ አነስተኛ አምራች የመዘጋጃ ዓመታት አሉት ወይስ የሉትም የሚለውን ይወስናል። ዝርዝሩ ያለ ጥናት ከተዘጋጀ ከለላ የሚያገኘው ድምፁ የሚሰማው ትልቅ ፋብሪካ እንጂ ብዙ ሰው የሚቀጥረው አነስተኛ ዎርክሾፕ ላይሆን ይችላል።

ስምምነቱ በዓላማዎቹ ዘላቂና አካታች ልማትን፣ የጾታ እኩልነትንና የምጣኔ ሀብት መዋቅራዊ ለውጥን ይጠቅሳል። የአካባቢ ጥበቃን ለብቻው የሚመለከት ፕሮቶኮል ግን የለውም። ጨቅላ ኢንዱስትሪን ለመጠበቅና የገቢ ዕቃ በድንገት ሲያጥለቀልቅ ጊዜያዊ እርምጃ ለመውሰድ የሚያስችሉ አንቀጾች አሉት። እነዚህን አንቀጾች ለመጠቀም ጉዳቱን በመረጃ ማስረዳት ስለሚያስፈልግ፣ አስቀድሞ የተሰበሰበ መነሻ መረጃ የሌለው ሀገር መብቱን ለመጠቀም ይቸገራል።

የሕግ መሠረት በኢትዮጵያ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 የልማት መብትን ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ መንግሥት የሚገባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችና ግንኙነቶች የኢትዮጵያን የማያቋርጥ ዕድገት መብት የሚያስከብሩ መሆን አለባቸው፤ ዜጎችም በልማት የመሳተፍና አስተያየታቸውን የመስጠት መብት አላቸው። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን፣ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ዓላማዎችን ይዘረዝራል። በአንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከግንባታና ከፋብሪካ ፕሮጀክቶች በተጨማሪ «የመንግሥት ሰነዶች» የሚላቸውንም ይመለከታል። በአዋጁ ትርጉም እነዚህ ሰነዶች ፖሊሲን፣ ስትራቴጂን፣ ፕሮግራምን፣ ሕግንና ዓለም አቀፍ ስምምነትን ያካትታሉ። ስለዚህ የንግድ ስምምነትን ከአካባቢ አንጻር መገምገም በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ መሠረት ያለው ሐሳብ ነው።

የመርካቶ ማሳያ፦ የጫማ ሥራ

መርካቶ አሁን ባለበት ቦታ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ወራሪዎቹ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩ ጊዜ ነው። ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ገበያው በተራ የተከፋፈለ ሲሆን፣ የቆዳ ጫማ የሚሠሩ በርካታ ትንንሽ ዎርክሾፖች በውስጡና በዙሪያው ይገኛሉ። ቆዳ፣ ሶል፣ ገበርና ማስቲሽ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ጫማ ሠሪዎቹና ጅምላ አከፋፋዮቹ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ናቸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ንግዷን ስትከፍት የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። ይህ በቀጣናዊ ስምምነት ሳይሆን በአጠቃላይ የንግድ መከፈት የመጣ ለውጥ ነው። ሆኖም የቀረጥ ከለላ ሲላላ በአነስተኛ አምራች ላይ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ፣ በኢትዮጵያ በሚገባ የተጠና ጉዳይ በመሆኑ ለግምገማ መነሻ ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ተገኝ ገብረእግዚአብሔር 96 ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ጫማ አምራቾችን አጥንተዋል። በቻይና ጫማ ውድድር ምክንያት 28 በመቶው ለኪሳራ ተዳርገዋል፤ 32 በመቶው ሥራቸውን ቀንሰዋል። የጥቃቅን ድርጅቶች አማካይ የሠራተኛ ቁጥር ከ7 ወደ 4.8፣ የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ደግሞ ከ41 ወደ 17 ወርዷል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2009 እ.ኤ.አ. ቴትሱሺ ሶኖቤ፣ ጆን አኮተንና ኬይጂሮ ኦትሱካ ባሳተሙት ጥናት፣ የተረፉት ጫማ ሠሪዎች ዲዛይንና ጥራት አሻሽለው የሀገር ውስጡን ገበያ መልሰው እንደያዙ፣ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ መላክ እንደጀመሩ ታይቷል።

ሁለቱ ጥናቶች አይቃረኑም። አንዱ በድንጋጤው ወቅት የሆነውን፣ ሌላው ከዓመታት በኋላ የተገኘውን ውጤት ያሳያሉ። የመጨረሻውን ውጤት ብቻ የሚመለከት ግምገማ «ዘርፉ ተወዳድሮ አሸንፏል» ይላል፤ በመካከሉ ሥራ ያጡት ሰዎች ግን መልሰው ስለመቀጠራቸው የዘርፉ ማገገም ብቻውን አይናገርም። ለዚህ ነው የግምገማ ዘዴዎች የሽግግር ጊዜ ተጽዕኖንና የረጅም ጊዜ ተጽዕኖን ለየብቻ እንዲለኩ የሚጠይቁት። በስምምነት ውስጥ የሽግግር ዓመታት የሚሰጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሰባተኛ ወይም በሸራ ተራ ግምገማ ቢደረግ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። በአንድ ዎርክሾፕ ስንት ሰው ይሠራል፣ ስንቱስ በቁጥር ይከፈለዋል? ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚሰናበተው ማን ነው? ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል? ቸርቻሪው የሀገር ውስጥ ጫማ ትቶ የውጭ ጫማ ቢይዝ ትርፉ ይለወጣል? ተሸካሚውና ደላላውስ? አንድ ርካሽ የውጭ ጫማ ለጫማ ሠሪው ስጋት ሲሆን፣ ለተሸካሚው ያው ሸክም፣ ለቸርቻሪው አዲስ ሸቀጥ፣ ለገዢው ቅናሽ ሊሆን ይችላል። በአንድ መንገድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ ስምምነት የተለያየ ዕጣ ይደርሳቸዋል።

የአካባቢ ተጽዕኖ፦ ከቆዳ እስከ ወንዝ

የጫማ ሥራ ሲሰፋ የቆዳ ፍላጎት ይጨምራል። ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳን የሚያለፉት በክሮሚየም ጨው ሲሆን፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ሲለቀቅ ወንዝን ይበክላል። በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዞች፣ በኦሮሚያ ደግሞ የሞጆ ወንዝ በዚህ ዓይነቱ ብክለት በተደጋጋሚ የተጠኑ ናቸው። በአቃቂ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ሌላ አትክልት ስለሚመረት፣ ብክለቱ ወደ ከተማው ገበያና ማዕድ ሊመለስ ይችላል።

ገምጋሚዎች ይህን የምክንያትና ውጤት ሰንሰለት ይሉታል፦ ቀረጥ ተነሳ፤ የጫማ ኤክስፖርት ጨመረ፤ የቆዳ ምርት ጨመረ፤ ፍሳሽ ጨመረ፤ የወንዙ ታች ተጠቃሚ ተጎዳ። ሰንሰለቱ በየትኛውም መጋጠሚያ ሊቆረጥ ይችላል። የፍሳሽ ማጣሪያ በተግባር የሚሠራ ከሆነ የምርቱ መጨመር ብክለት አይጨምርም። በመሆኑም የማካካሻው እርምጃ ንግዱን መከልከል ሳይሆን ማጣሪያውን ማስገደድ ሊሆን ይችላል።

ትራንስፖርትም የራሱ ድርሻ አለው። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። በናፍጣ ከሚሠራ የጭነት መኪና ይልቅ በኤሌክትሪክ በሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብዙ ዕቃ ቢጓጓዝ፣ የንግዱ መጠን ቢያድግም የጭሱ መጠን በዚያው ልክ ላያድግ ይችላል።

ሴቶችና ኢመደበኛ ንግድ

በሞያሌ፣ በቶጎ ውጫሌና በመተማ በኩል የሚካሄደው አነስተኛ የድንበር ንግድ ብዙ ጊዜ በጉምሩክ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሞዴሎች የሚሠሩት በተመዘገበ መረጃ በመሆኑ እነዚህ ነጋዴዎች በውጤቱ ውስጥ አይታዩም። ቀረጡ ቢነሳም የስሪት ሀገር ማረጋገጫ ወረቀት ማግኘት ካልቻሉ ቅናሹ ለእነርሱ አይደርስም። የስሪት ሀገር ሕግጋት አንድ ዕቃ «የአፍሪካ ምርት» ለመባል ምን ያህሉ በአባል ሀገር መመረት እንዳለበት የሚወስኑ ሲሆኑ፣ ከሌላ አህጉር የመጣ ዕቃ መለያ ብቻ ተለጥፎበት ያለ ቀረጥ እንዳይገባም ይከላከላሉ።

የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አህጉራዊው ስምምነት ሙሉ በሙሉ ከተፈጸመ በ2035 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን እውነተኛ ገቢ በ7 በመቶ ወይም በ450 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያሳድግ፣ 30 ሚሊዮን ሰዎችንም ከከፋ ድህነት እንደሚያወጣ ገምቷል። ከ450 ቢሊዮኑ 292 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ የሚገኘው ከንግድ ማሳለጥ፣ ማለትም የድንበር ወረፋንና የወረቀት ሥራን ከመቀነስ ነው። ከዚህ አንጻር በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌ የጋራ የድንበር አገልግሎት ከቀረጥ ቅናሽ ያላነሰ ትርጉም አለው። የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የሴቶችና ወጣቶች የንግድ ፕሮቶኮልን ተቀብሏል።

የሌሎች ሀገራት ተሞክሮ

በሰሜን አሜሪካው ስምምነት ወደ ሜክሲኮ የሚገባው የአሜሪካ በቆሎ በብዙ እጥፍ አድጓል። የአካባቢ ትብብር ኮሚሽኑ ይህ በአነስተኛ የበቆሎ ገበሬዎችና በሀገር በቀል ዝርያዎች ላይ የሚያስከትለውን አስቀድሞ ካጠናቸው ጉዳዮች አንዱ አድርጎት ነበር። የደቡብ ኮሪያና የአውሮፓ ኅብረት ስምምነት ደግሞ የዘላቂ ልማት ምዕራፍ ያካተተ ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የባለሙያዎች ጉባኤ ኮሪያ የሠራተኛ መብት ግዴታዋን በከፊል እንዳላከበረች ወስኗል።

በምሥራቅ አፍሪካ የልባሽ ጨርቅ ጉዳይ ይጠቀሳል። ሩዋንዳ የሀገር ውስጥ ልብስ ሥራን ለማሳደግ በ2016 እ.ኤ.አ. በልባሽ ልብስ ላይ ቀረጥ ስትጨምር፣ አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. በአጎዋ ትሰጣት የነበረውን የልብስ ቀረጥ ነጻ ዕድል አገደች። ኢትዮጵያም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ተሰርዛለች። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ወገን ፈቃድ የሚሰጥ ዕድልና በስምምነት የተገኘ መብት የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያሉ።

ገደቦችና ትችቶች

የመጀመሪያው ትችት በጊዜ ላይ ነው። ግምገማው ድርድሩ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ከሆነ ውሳኔውን ሊለውጥ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት እንባ ጠባቂ በ2021 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ በ2019 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አሜሪካው መርኮሱር ጋር ድርድሩን ያጠናቀቀው የዘላቂነት ግምገማው ሳያልቅ በመሆኑ ጥፋት ነው ብለዋል።

ሁለተኛው መንስኤን የመለየት ችግር ነው። ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ከልክላ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ክልከላው ተነሳ፤ የገቢ ዕቃ ዋጋም በብር ሲተመን ተወደደ። በዚያው ዓመት እስከዚያ ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች እንዲከፈት ተወሰነ። በመርካቶ አንድ ሱቅ ቢዘጋ ወይም አንድ ዕቃ ቢወደድ ምክንያቱ የምንዛሪው፣ የታክሱ፣ የአዲሱ ተወዳዳሪ ወይስ የቀጣናዊው ስምምነት መሆኑን ለመለየት፣ ስምምነቱ በገበያው ላይ መሰማት ከመጀመሩ በፊት የተያዘ መነሻ መረጃ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የአማካይ ችግር ነው። «የሀገሪቱ ገቢ በዚህን ያህል በመቶ ያድጋል» የሚል ውጤት፣ ያደገው ገቢ የደረሰውንና ያልደረሰውን ሰው አይለይም። ስለዚህ የሞዴል ውጤት በቤተሰብ ጥናትና በመስክ ቃለ መጠይቅ መደገፍ አለበት።

አራተኛው ተሳትፎን ይመለከታል። ምክክር የሚደረገው በሆቴል አዳራሽ፣ በተመረጡ ማኅበራት በኩልና በእንግሊዝኛ ሰነድ ከሆነ፣ ዎርክሾፑን ጥሎ መምጣት የማይችል ጫማ ሠሪና ማኅበር የሌለው ተሸካሚ ሐሳባቸውን አይሰጡም። የስምምነቱ ተጽዕኖ ቀድሞ የሚሰማቸው እነርሱ ሆነው ሳለ፣ በግምገማው ውስጥ የሚገኙት በመጨረሻ፣ ወይም ጭራሽ የማይገኙት እነርሱ ይሆናሉ። በዚህ የተነሳ አዳዲሶቹ የግምገማ መመሪያዎች ምክክሩ ሰዎቹ በሚሠሩበት ቦታ፣ በሚናገሩት ቋንቋና ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት እንዲሆን ይጠይቃሉ።